ጫካው ያው ነው፣ ሂሳቡ ለየቅል

ከጥቂት ጊዜ በፊት ስለ ደን ጥቅም የተዘጋጀ አንድ አውደ ጥናት ላይ ነበርኩ። የእኔ ሥራ ማስታወሻ መያዝ ብቻ ስለሆነ ኋላ ወንበር ላይ ተመቻችቼ ተቀምጫለሁ። አቅራቢው ወጣት ነው። አንደበቱ የተፈታ፣ ስላይዱም ያማረ። ለውሃ ይህን ያህል፣ ለአፈር ይህን ያህል፣ ለካርቦን ይህን ያህል እያለ ሲደምር ቆየና መጨረሻ ላይ ግድግዳውን የሚሞላ ቁጥር አሳየን። ዜሮዎቹን ለመቁጠር ዓይን ይደክማል። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ፊት ረድፍ ላይ የተቀመጡ አንድ ጡረታ የወጡ የደን ባለሙያ እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ተባረክ። ዋጋው ገብቶኛል። ከፋዩ ማን ነው?»

ወጣቱ ትንሽ አሰበ። «ጋሼ፣ ጥቅሙ የዓለም ሕዝብ ስለሆነ መክፈል ያለበት ዓለም ነው።»

«እሱስ ልክ ነህ። ግን እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ጫካ ውስጥ ነው። ዓለም የሚባል ሰው መጥቶ ‹ደረሰኝ ቁረጥልኝ› ሲለኝ ሰምቼ አላውቅም።»

ሳቅ በሳቅ ሆነ። ሰብሳቢው ሰዓቱን አየና ወደሚቀጥለው አቅራቢ አለፈ። እኔ ደብተሬ ላይ «ከፋይ?» ብዬ ጻፍኩና አሰመርኩበት።

ሳቁ ሻይ ሰዓት ላይ አለቀ። ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም። ከዚያ ወዲህ ስለ ደን ገንዘብ የተጻፈ ነገር ባገኘሁ ቁጥር መጀመሪያ የምፈልገው ቁጥሩን ሳይሆን ከፋዩን ሆነ። እንዲህ ሳነብ ደግሞ ድሮ ግራ ያጋባኝ የነበረ ነገር መልክ እየያዘ መጣ። ውሃ የሚያጣራ፣ አፈር የሚይዝ፣ ካርቦን የሚያምቅ ጫካ እዚህም አለ፣ እዚያም አለ። ታዲያ አንዱ ቦታ ገንዘብ ሲያመጣ ሌላው ቦታ ምስጋና ብቻ የሚያተርፈው ለምንድነው?

ላም አለኝ በሰማይ

በትልልቅ ቁጥሮች እንጀምር (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ1997 ሮበርት ኮስታንዛና ባልደረቦቹ ኔቸር መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አወጡ። ተፈጥሮ ለሰው ልጅ በየዓመቱ የምትሰጠው አገልግሎት በአማካይ 33 ትሪሊዮን ዶላር ይገመታል አሉ። የዚያን ጊዜው የዓለም አጠቃላይ ምርት 18 ትሪሊዮን ገደማ ነበር። ማለትም ተፈጥሮ ከሰው ኢኮኖሚ በእጥፍ ልትበልጥ ምንም አልቀራትም። ቁጥሩ ብዙ አከራከረ፣ ብዙም ተጠቀሰ። አውደ ጥናቱ ላይ ያየሁትም ስሌት የዚሁ ጥናት የልጅ ልጅ ነው።

ችግሩ 33 ትሪሊዮኑን የሚከፍል 33 ትሪሊዮን ያለው ሰው የለም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው።

ኢኳዶር ይህን በደንብ ቀምሳዋለች። በ2007 ያሱኒ በሚባለው የአማዞን ብሔራዊ ፓርኳ ሥር ያለውን ነዳጅ ላለማውጣት ለዓለም አንድ ሐሳብ አቀረበች። ነዳጁን መሬት ውስጥ እንተወዋለን፣ እናንተ ደግሞ ከምናጣው ገቢ ግማሹን፣ 3.6 ቢሊዮን ዶላር፣ አዋጡ። ሐሳቡ ተደነቀ፣ ተጨበጨበለት። በ2013 መንግሥት ዕቅዱን ሲተው እጅ የገባው ገንዘብ 13 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላም። ቁፋሮው ቀጠለ። ለማስቆም የወሰነው የውጭ ገንዘብ ሳይሆን የአገሬው መራጭ ነው፤ በነሐሴ 2023 ሕዝበ ውሳኔ 59 በመቶ ያህሉ «ይቁም» ብሎ ድምፅ ሰጠ።

ስለ ያሱኒ ሳነብ ሽማግሌው ያሉት ቀልድ እንዳልነበር ገባኝ። በዚያ ጫካ የብዝኃ ሕይወት ሀብት የሚጠራጠር ሳይንቲስት የለም። ዋጋ አልጎደለውም። የጎደለው «ይሄ ጫካ ከሌለ እኔ እጎዳለሁ» የሚል፣ ኪሱ የሞላ ጎረቤት ነው።

ታች ያለው ማን ነው

እንዲህ ዓይነት ጎረቤት ያለው ጫካ ደግሞ አለ። የኒውዮርክ ከተማ ውሃ 90 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ካትስኪልና ደላዌር ከሚባሉ በደን የተሸፈኑ የላይኛው ተፋሰሶች ነው። በ1990ዎቹ የመጠጥ ውሃ ጥራት ሕጉ ጠበቅ አለና ከተማዋ ሁለት ምርጫ ቀረበላት። ወይ ግዙፍ የማጣሪያ ጣቢያ ትሠራለች፣ ወይ ተፋሰሱን ትጠብቃለች። ጣቢያው ከ6 እስከ 8 ቢሊዮን ዶላር እንደሚፈጅ ተገመተ። ተፋሰሱን መጠበቅ ግን 1.5 ቢሊዮን ገደማ። በ1997 ከላይኛው አካባቢ ነዋሪዎች ጋር ስምምነት ተፈረመ። ከተማዋ መሬት ገዛች፣ ለገበሬዎች ከፈለች፣ የገጠር ፍሳሽ ማስወገጃዎችን አሠራች።

ይህ ታሪክ በየሥልጠናው ይነገራል። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ግን ኒውዮርኮች ለተፈጥሮ ስላላቸው ፍቅር ሆኖ ነው። ኧረ የምን ፍቅር! ሕግ አስገደዳቸው፣ ሂሳብ አሳመናቸው። አንድ ከተማ፣ አንድ የውሃ መሥሪያ ቤት፣ በየቤቱ የሚደርስ አንድ ቢል። ጫካውና ከፋዩ በቧንቧ ተያይዘዋል።

አሁን ወደ ቻይናዋ ቺንግሃይ እንሂድ። ያንግትዜ፣ ቢጫ ወንዝና ሜኮንግ የሚነሱት ከዚያ ነው። በእርግጥ ቺንግሃይ በአብዛኛው ሣር ምድርና ረግረግ ነው፤ ለጫካ ምሳሌ አድርጌ ማምጣቴ ትንሽ ማጭበርበር ነው። ግን ነጥቡን እንደሷ የሚያሳይ የለም። ተመራማሪዎች የግዛቲቱን ሥነ ምህዳር የዓመት አገልግሎት በገንዘብ አስልተው በ2020 አሳተሙ። በ2000 81.5 ቢሊዮን ዩዋን፣ በ2015 ደግሞ 185.4 ቢሊዮን ዩዋን ሆነ። በ2000 ይህ ቁጥር ከግዛቲቱ አጠቃላይ ምርት ይበልጥ ነበር። ከዚህ ውስጥ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋው ከውሃ ጋር የተያያዘ ነው።

ውሃው ግን ቺንግሃይ አይቆይም። አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል እንደሚባለው ነው። ተጠቃሚው በሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ታች ያለ ፋብሪካ፣ ገበሬና ከተማ ነው። ከፊሉም ድንበር ተሻግሮ ሌላ አገር ይኖራል። ተጠቃሚው እንዲህ ከበዛና ከተበተነ ማንም ለብቻው አይከፍልም። ሁሉም «እሱ ይክፈል» ይላል። ስለዚህ ቺንግሃይን የሚክስ ቢኖር ማዕከላዊ መንግሥት ነው።

በኒውዮርክና በቺንግሃይ መካከል ያለው ነገር ነው ይበልጥ የማረከኝ። ሺንአን የሚባል ወንዝ አለ። ከአንሁይ ግዛት ተራሮች ይነሳና ወደ ዠጂያንግ ግዛት ወርዶ ቺያንዳኦ ሐይቅ ይገባል። አንሁይ ከላይ ናት፣ ከጎረቤቷ ደሃ። ዠጂያንግ ታች ናት፣ ሀብታም። የላይኞቹ «እኛም ፋብሪካ እንትከል፣ እኛም እንደ እናንተ እንደግ» ይላሉ። የታችኞቹ «ውሃችንን አታበላሹብን» ይላሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው።

በ2012 ውርርድ የሚመስል ነገር ተዋዋሉ። ሁለቱ ግዛቶች ድንበር ላይ፣ ጂየኮው በሚባለው ቦታ፣ የውሃው ጥራት ይለካል። ናሙናውን የሚቆጣጠሩት ሁለቱም ወገኖች ናቸው። ፎስፈረስ፣ ናይትሮጅን፣ አሞንያና አንድ ሌላ መለኪያ ይታያሉ። ውጤቱም ከ2008 እስከ 2010 ከነበረው አማካይ ጋር ይነጻጸራል። ውሃው ካልተበላሸ ዠጂያንግ ለአንሁይ 100 ሚሊዮን ዩዋን ትከፍላለች። ከተበላሸ ግን አንሁይ ናት ለዠጂያንግ 100 ሚሊዮን የምትከፍለው። ማዕከላዊ መንግሥት ደግሞ በመጀመሪያው ዙር በየዓመቱ 300 ሚሊዮን ለአንሁይ ይጨምር ነበር። በየዓመቱ ፈተናውን ያለፈችው አንሁይ ሆነች። በሁለተኛው ዙር የእያንዳንዳቸው ድርሻ ወደ 200 ሚሊዮን አደገ።

እዚህ ውል ላይ ብዙ ቆምኩ። ማንም የዛፉን ዋጋ አላሰላም። አንድ ሄክታር ደን ስንት ቶን ውሃ ያጣራል ብሎ የተከራከረ የለም። የተለካው ድንበር ላይ ያለው ውሃ ብቻ ነው። የላይኛው ሰው ጫካውን የሚጠብቀው፣ ፋብሪካውን የሚያባርረው፣ ማዳበሪያውን የሚቀንሰው በራሱ ብልሃት ነው። የእኛ ወጣት አቅራቢ ግድግዳ የሚሞላ ቁጥር ለማውጣት የደከመውን ድካም እነዚህ ሰዎች ዘለሉት። በቀጥታ ወደ «ማን ለማን» ሄዱ።

አንድ ነገር አይረሳ። ይህ የሆነው ታች ያለው ሀብታም ስለሆነ ነው። ዠጂያንግ ከቻይና ባለጸጋ ግዛቶች አንዷ ናት። ከጫካው በታች ያለው እንደ ራሱ ደሃ የሆነ አካባቢስ? ውሃው ያው ንጹሕ ነው። ውርርዱን የሚገጥም ግን የለም።

ከሩቅ የሚመጣ ገዢ

ታች ሀብታም ጎረቤት ለሌለው ጫካ የተፈጠረው መላ ካርቦን ነው፤ ጫካው ያመቀው ካርቦን ተለክቶ ለሩቅ ከፋይ ይቀርባል። ካርቦን ቧንቧ አይፈልግም። የትም የታመቀ ቶን ለሁሉም እኩል ነው ይባላል። በወረቀት ደረጃ የአካባቢ ልዩነትን የሚያጠፋ ነገር ነበር።

የአፍሪካዋን ጋቦንና የደቡብ አሜሪካዋን ጋያና ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ጋቦን 88 በመቶ ያህሏ ደን ነው፣ 23 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ። ጋያናም ከ80 በመቶ በላይ ደን ናት፣ 18 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ። ሁለቱም ጫካቸውን ብዙም አልጨፈጨፉም። ጋቦን በ2019 ከኖርዌይ ጋር እስከ 150 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ የ10 ዓመት ስምምነት አደረገች። በ2021 የመጀመሪያው 17 ሚሊዮን ዶላር ተከፈላት። ከአፍሪካ የመጀመሪያዋ ተብላም ተወደሰች። ጋያና በታኅሣሥ 2022 ከነዳጅ ኩባንያው ሄስ ጋር ተፈራረመች፤ እስከ 2032 ቢያንስ 750 ሚሊዮን ዶላር፣ ለ37.5 ሚሊዮን ክሬዲት። አንድ ክሬዲት ማለት የአንድ ቶን ካርቦን ደረሰኝ ነው።

እርግጥ ውሎቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ የመንግሥት ድጋፍ ነው፣ ሌላው ሽያጭ። ቢሆንም ልዩነቱ ከጫካው እንዳልመጣ ግልጽ ነው። ጋያና በአንድ አዲስ የካርቦን መመዘኛ መሠረት መላ አገሪቱን አስለክታ ክሬዲቷን ለሽያጭ አዘጋጀች። ከዚህ በላይ ደግሞ ገዢው ቀድሞ ደጃፏ ላይ ነበር። ሄስ በ2025 በሼቭሮን እስኪገዛ ድረስ የጋያናን የባሕር ነዳጅ ከሚያወጡት ኩባንያዎች አንዱ ነበር። ነዳጅ ባይገኝ ኖሮ ጫካው በዚህ ፍጥነት እንዲህ ያለ ገዢ ያገኝ ነበር? እኔ እጠራጠራለሁ። አስቂኝም አሳዛኝም ነው።

ከገንዘቡ 15 በመቶው ለነባር ሕዝቦች መንደሮች እንዲሄድ ተወስኗል። የእነሱ አንድ ማኅበር ግን «በቅጡ አልተማከርንም» ብሎ አቤት ብሏል። ጫካው መቼም ሊቆረጥ አልነበረም፣ ታዲያ ምን ተቀነሰና ነው የሚሸጠው ብለው የሚሞግቱም አሉ። ሙግቱ ቀላል አይደለም። በሌላ በኩል «ሊቆረጥ የተቃረበ ብቻ ይከፈለው» ካልን የሚሸለመው ቆራጩ ነው። ሳይቆርጥ የኖረው ሰው ሞኝ ሆኖ ይቀራል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለካ በገበያውም ይሠራል።

ትንሽ ጫካስ? በወላይታ ያለው ሁምቦ 2,728 ሄክታር ነው። ከተራቆተ ተራራ ላይ የቀሩትን ጉቶዎች በመንከባከብ ዳግም እንዲያቆጠቁጡ ተደርጎ የለማ ነው። በ2009 በዓለም አቀፉ የካርቦን ሥርዓት ተመዘገበ። ከአፍሪካ በዚህ መጠን የመጀመሪያው ነበር። የዓለም ባንክ የባዮካርቦን ፈንድ 165 ሺህ ቶን ለመግዛት ተስማማ። ለኅብረት ሥራ ማኅበራቱም በአሥር ዓመት ውስጥ ከ700 ሺህ ዶላር በላይ የሚያስገኝ ነው። ሲካፈል በሄክታር በዓመት 25 ዶላር ገደማ ይመጣል። ለእኔ ከዚህ ይልቅ የገረመኝ ከበስተጀርባው ያለው ሥራ ነው። ልኬቱ፣ ኦዲቱ፣ የውጭ ድርጅት ድጋፉ፣ ገዢ ፍለጋው። ያለ ዓለም ባንክና ያለ አንድ ትልቅ የእርዳታ ድርጅት ይህን የሚያደርግ የገበሬ ማኅበር የለም። የአንድ ትንሽ ጫካ ካርቦን በእንዲህ ዓይነት ወጪ መሸጥ ለአንዲት ሻንጣ የጭነት መኪና እንደመከራየት ነው። ሻንጣዋ ትደርሳለች፣ ትርፉ ግን የመኪናው ነው።

ወረቀትም አለ። ጫካው በማን ስም ነው? ኮስታ ሪካ በ1996 የደን ሕጓ ለካርቦን፣ ለውሃ፣ ለብዝኃ ሕይወትና ለመልክዓ ምድር ውበት ክፍያ ደነገገች። ከ1997 ጀምሮም ከነዳጅ ታክስ ቀንሳ ለባለ ይዞታዎች ትከፍላለች። እኔ በጣም የማደንቀው ዘዴ ነው፤ ከፋዩ መኪና የሚነዳ ሁሉ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን የተሟላ የመሬት ሰነድ የሌለው ሰው ከክፍያው ውጭ ነበር። በቻይና ፉጂያን፣ ዉፒንግ በሚባል ወረዳ በ2001 ለገበሬዎች የደን ይዞታ ሰርተፊኬት መስጠት ተጀመረ። ጫካው በስማቸው ሲሆን በእሱ ዋስትና ብድር መውሰድ ቻሉ። ሰርተፊኬት ያልደረሰበት አካባቢ ያለው ያው ዛፍ ለባንክ ዛፍ ብቻ ነው።

ገበያው ካልመጣ በጀቱ ይምጣ

ከዚህ ሁሉ በኋላ ልቤ ያዘነበለው ወደ አሰልቺው መንገድ ነው፤ ወደ መንግሥት በጀት ክፍፍል። ሕንድ በ2015 አንድ ነገር አደረገች። አሥራ አራተኛው የፋይናንስ ኮሚሽን የማዕከሉን ታክስ ለክልሎች ሲያከፋፍል ለደን ሽፋን 7.5 በመቶ ክብደት ሰጠ። ቀጣዩ ኮሚሽን ወደ 10 በመቶ አሳደገው። ክሬዲት የለ፣ ደላላ የለ፣ ኦዲተር የለ። ከሳተላይት ደኑ ይታያል፣ ገንዘቡ ይላካል። ክልሉ ገንዘቡን ለደን እንዲያውለው ግን ግዴታ የለበትም። ይህ ያሳስባል። ቢሆንም ገዢ የሌለው ጫካ ያለው ክልል ቢያንስ ከሂሳቡ አይወጣም።

በጀትም ቢሆን ቀመሩ ካልተጠነቀቁለት ያስቃል። ጃፓን ከ2019 ጀምሮ ለደን እንክብካቤ የሚሆን ገንዘብ ለአካባቢ አስተዳደሮች ታከፋፍላለች። ቀመሩ ግማሹን በግል የተተከለ ደን ስፋት፣ 20 በመቶውን በደን ሠራተኛ ብዛት፣ 30 በመቶውን ደግሞ በሕዝብ ብዛት ነበር። ውጤቱ? እንደ ዮኮሃማ ያሉ ትልልቅ ከተሞች ከፍተኛ ድርሻ ከሚያገኙት መካከል ሆኑ። የቶኪዮዋ ሺቡያ አንዲት ሄክታር እንዲህ ያለ ደን ሳይኖራት ገንዘቡ ይደርሳታል። ተራራ ላይ ያሉት መንደሮች ዛፍ አላቸው፣ ሰው የላቸውም። በ2024 የሕዝቡ ክብደት ወደ 25 በመቶ ወረደ፣ የደኑ ወደ 55 ወጣ። ትንሽ ማስተካከያ ነው። መራጩ የሚበዛው ከተማ ውስጥ ስለሆነ ከዚህ በላይ ማውረድ ቀላል አይመስለኝም።

አሁን ደግሞ አዲስ ሙከራ መጥቷል። በኅዳር 2025 ብራዚል በቤሌም ከተማ ለሞቃታማ ደኖች የሚከፍል ፈንድ አስጀመረች። ሐሳቡ በሄክታር በዓመት 4 ዶላር ገደማ፣ ለሁሉም አገር በተመሳሳይ ዋጋ ነው። ታች ማን አለ ብሎ አይጠይቅም። በሂሳብ ደረጃ ጋቦን መስፈርቱን ካሟላች በዓመት ወደ 90 ሚሊዮን ዶላር ይመጣላታል። ገንዘቡ የሚገኘው ከመንግሥታትና ከባለሀብቶች የተሰበሰበ ካፒታል ተበድሮና ኢንቨስት ተደርጎ ከሚያመጣው ትርፍ ነው። ስለዚህ ገበያው የከፋ ዓመት ክፍያውም ይከፋል። የታለመው 125 ቢሊዮን ዶላር ሲሆን በጅማሮው የተገባው ቃል ከዚያ በጣም ያነሰ ነበር።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከመንገድ ለራቀ፣ ማንም ማሳ ሊያደርገው ለማይመኘው ጫካ 4 ዶላር ጥሩ ገንዘብ ነው። መንገድ ለደረሰለት፣ ጠርዙ ላይ አኩሪ አተር ወይም የዘንባባ ዘይት ለሚለማበት ጫካ ግን ከምንም የማይቆጠር ነው። እዚያ አንድ ሄክታር በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ሊያስገባ ይችላል። ስለዚህ ለሁሉም እኩል የሆነው ዋጋ አንዱን ጫካ ሲያድን ሌላውን ላያድን ይችላል። የማያድነው ደግሞ አሁን እየተቆረጠ ያለውን ነው። ለዚያ ጠርዝ በአካባቢው ልክ የተሰፋ ሌላ ክፍያ ያስፈልጋል። ያንን የሚሸፍነው አገሩ ራሱ ይሁን፣ አኩሪ አተሩን የሚገዛው ኩባንያ ይሁን፣ ገና አልተነገረም።